ብሩሽ የያዘም ዘጋቢ ነው

በዲፓርትመንታችን ፎቶግራፍ ዜና ነው፤ ስዕል ግን ማስዋቢያ። የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ስዕል የሚወጣው ባዶ ቦታ ሲተርፍ ብቻ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴን ከሩቅ፣ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ላምጣው።

ቶም ሊ የሚባል የቴክሳስ ሰዓሊ ነበር። «ላይፍ» መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1942 «ሆርኔት» የተባለችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ያለውን ኑሮ እንዲስል ላከው። ከመርከበኞቹ ጋር ከሁለት ወር በላይ ከረመ። እሱ በወረደ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ኦክቶበር 26፣ መርከቧ በሳንታ ክሩዝ ውጊያ በጃፓን አውሮፕላኖች ተመታች፤ ሌሊቱንም ሰጠመች። ስዕሎቹ በ1943 መጽሔቱ ላይ ሲታተሙ እሷ ባሕር ሥር ነበረች።

ታዲያ ፎቶ አልነበረም ወይ? እንዴታ! ግን የዚያን ጊዜ የዜና ፎቶ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። አውሮፕላን ተሸካሚ ላይ ደግሞ ቀለም ጌጥ ሳይሆን ቋንቋ ነው። በሞተሩ ጩኸት ሰውና ሰው ስለማይሰማማ ሠራተኛው በየሥራው ዓይነት ቀለሙ የተለየ ሹራብ ይለብሳል፤ አውሮፕላኑን በእጅ ምልክት የሚመራው ቢጫ፣ የሚገፋው ሰማያዊ። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን ሁለቱም ግራጫ ናቸው። እንግዲህ የትኛው ነው የበለጠ መረጃ የሰጠው?

«ሰዓሊ ይፈጥራል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሊ ራሱ በ1944 ፔሌሊዩ ደሴት ላይ ከባሕር ኃይል እግረኞች ጋር ሲወርድ ተኩሱ መሳያ ጊዜ አልሰጠውም፤ ትልልቆቹን ስዕሎች የሠራው በኋላ ነው። ግን እኛስ ቃለ መጠይቅ አድርገን ማታ ዶርም ገብተን አይደል የምንጽፈው? ማስታወሻ ደብተር ካስፈለገን ለሰዓሊም ንድፉ ማስታወሻው ነው።

ሊ ደመወዝና መጽሔት ነበረው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስም የሌለው አማተሩ ነው፤ ቀን ሞተር ሲፈታ ውሎ ማታ አልጋው ላይ በውሃ ቀለም የሚስለው መካኒክ። አውሮፕላኑ የት ጋ ዘይት እንደሚያንጠባጥብ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። እጁ ላይሰላ ይችላል፤ የሰው ፊት እንደ ድንች ይወጣበት ይሆናል። ዓይኑ ግን ቦታው ላይ ነበር። እንግሊዞች ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል፤ በ1939 በኬኔት ክላርክ መሪነት ያቋቋሙት የጦርነት ሰዓሊዎች ኮሚቴ ከታወቁት ሰዓሊዎች ሌላ በውትድርና ላይ ካሉ ሰዎችም ሥራ ይገዛ ነበር።

በክፍላችን ደብተራቸው ጠርዝ ላይ ሌክቸረሩን ቁጭ አድርገው የሚስሉ ልጆች አሉ (ስም አልጠራም፣ ማርክ አለ)። ለእነሱ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ አንድ ቋሚ ዓምድ ይሰጣቸው። ቅድመ ሁኔታው የፎቶው ይሁን፦ የት፣ መቼ፣ ማን። አንድ ነገር ብቻ ይጨመርበት፦ እዚያው እያየ ነው የሳለው ወይስ ኋላ ከትዝታው?