ስልኩ ይምከር፣ ገበሬውም ይጠየቅ

በክፍላችን ያለን የብዙዎቻችን አያቶች በጎንደር በኩል ገበሬዎች ነበሩ። ስለዚህ ገበሬን በቴክኖሎጂ ስለ ማሠልጠን ሲነሳ ነገሩ የቤታችን ጉዳይ ሆነብን።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 8028 የሚባል የስልክ መስመር ለገበሬዎች ተከፈተ። ገበሬው በነፃ ይደውላል፣ ቋንቋውን ይመርጣል፣ ቁጥር እየተጫነ ስለ ጤፍ፣ ስለ ስንዴ ወይም ስለ በቆሎ የተቀዳ ምክር ይሰማል። ተራ ስልክ ይበቃዋል፤ ማንበብም አያስፈልገውም። ይህን በጣም ወደድነው። ከአያቶቻችን ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ የሰሙትን ግን አይረሱም።

ሆኖም ስልክ የልማት ሠራተኛውን ይተካል የሚሉትን አንቀበላቸውም። ለምሳሌ ጤፍን በመበተን ፈንታ በመስመር መዝራት ዘር ይቆጥባል፣ ጉልበት ግን ይበላል። ያን የሚያህል ደቃቅ ዘር በመስመር እንዴት እንደሚወርድ ማሳው ላይ ቆሞ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። ምክሩ ባይሠራ መካሪው ምንም አይጎድልበትም፤ የሚራበው ገበሬው ነው። እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል ርስት አልነበራቸውም፤ የሰው መሬት አርሰው ከምርቱ ያካፍሉ ነበር። ለእንደዚህ ያለ ሰው አዲስ ነገር ሞክሮ ማበላሸት የልጆቹን እህል ማጣት ነው። «ገበሬ ግትር ነው» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ደስ ይለናል።

በዚህ ምክንያት ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከልማት ሠራተኞች ጋር የሠራው ሥራ ይበልጥ ልክ መስሎ ይታየናል። አንድ ገበሬ በገዛ ማሳው ላይ ሲሠራ በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ከዚያ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለአካባቢው ሰዎች ይታያል። የሚያስተምረው እንደ እነርሱ ያለ ሰው ነው፤ እርሱም ከማሳው ይበላል። ጎረቤት ሞክሮት ያልከሰረበትን ነገር ማን አይሞክርም?

እዚህ እስራኤል ግን አያቶቻችንን ስለ እርሻ የጠየቃቸው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በስልካችን መቅዳት ጀመርን። የመጀመሪያዋ አያት «አሁን ይሄ ለማን ይጠቅማል?» ብለው ሳቁብን። ከዚያ ስለ ጤፍ አረም ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ ነገሩን፤ የስልኩ ባትሪ አለቀ፣ እርሳቸው ግን ገና አልጨረሱም ነበር።