አምቡላንሱ መጣ፤ ከኋላ ማን ተቀምጧል?

አንድ ወረዳ አምቡላንስ ሲረከብ ማየት ደስ ይላል። ነጩ ላንድክሩዘር በሪባን አጊጦ ይቆማል፤ ባለሥልጣኑ ቁልፍ ያስረክባል፤ ይጨበጨባል፤ ፎቶው በማግስቱ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። በጽሑፉ ላይ የመኪናው ዋጋ አለ፣ የለጋሹ ስም አለ። ከኋላ ተቀምጦ በሽተኛውን የሚንከባከበው ሰው ግን የለም። ስለ እሱ የሚጠይቅም የለም፤ በብዙ ሰው አእምሮ አምቡላንስ ማለት መኪናው ነዋ!

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሠለጠነ ሰው ያልተቀመጠበት አምቡላንስ ጩኸት ያለው ታክሲ ነው። ቶሎ ሊያደርስ ይችላል። ምን እንደሚያደርስ ግን ዋስትና የለውም።

በአዳማ መንገድ ላይ ሚኒባስ ተገለበጠ እንበል። ሕዝቡ ይሮጣል፤ የሐበሻ ደግነት በዚህ አይታማም። አንዱ ብብት ይይዛል፣ አንዱ እግር ይይዛል፣ ተጎጂው ተጎትቶ ይወጣና ባገኘው አይሱዙ ወይም ፒክአፕ ላይ ይጫናል። አንገቱ ላይ አጥንቱ ተሰብሮ የነበረ ሰው በዚያ ጉተታ ብቻ ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊሆን ይችላል። ራሱን ስቶ በጀርባው የተኛው በራሱ ትውከት ይታነቃል፤ በጎኑ ቢያዞሩት ኖሮ ይተነፍስ ነበር። ጭኑ ላይ ትልቁ የደም ሥር የተቆረጠበት ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ደሙ ያልቃል፤ የሚያድነው ሰፊ ማሰሪያና ጠበቅ አድርጎ ማሰር የሚያውቅ እጅ ነበር። ሆስፒታሉ 40 ደቂቃ ይርቃል ቢባል፣ ሦስቱም ሰዎች ዕጣቸው የሚወሰነው ሐኪም ከማየታቸው በፊት ነው።

በገጠር ደግሞ ነገሩ የእናቶች ነው። አምቡላንስ ለወረዳዎች በብዛት ሲታደል ዋናው ምክንያት እናቶችን ጤና ጣቢያ ለማድረስ ነበር፤ ትክክለኛ ምክንያትም ነበር። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ከባድ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። አሁን መኪናውን ከውስጥ አስቡት። ሾፌሩ ከፊት ነው፤ ዓይኑ ኮረኮንቹ ላይ ነው። ከኋላ አማቷና ጎረቤቷ እጇን ይዘው «ማርያም ማርያም» ይላሉ። ጸሎቱ ይሁን። ነገር ግን ማህፀኗን በሆዷ ላይ እንዴት እንደሚያሹላት የሚያውቅ አንድ ሰው ከጎናቸው ቢኖር ምን ነበረበት?

ይህን ለማወቅ ሰባት ዓመት ሕክምና መማር አያስፈልግም። በአሜሪካ የመጀመሪያው ደረጃ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሺያን ሥልጠና እንደ ግዛቱ ቢለያይም 150 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚወስድ ነው፤ አንድ ሴሚስተር ማለት ነው። እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተው ይማሩታል፤ ብዙዎች ወደ ነርስነት መሸጋገሪያ ያደርጉታል። ሥልጠናው የሚጀምረው ሰውን በሚያስገርም ጥያቄ ነው፦ «ቦታው ለአንተ ለራስህ ደህና ነው?» የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ? ከኋላ የሚመጣ መኪና አለ? ሁለተኛ ተጎጂ የሆነ አዳኝ ለማንም አይጠቅምም። ከዚያ የአየር መንገድ፣ ትንፋሽ፣ የደም ዝውውር በቅደም ተከተል ይመጣሉ። ልቡ ለቆመ አዋቂ ሰው ደረቱን 30 ጊዜ መጫን፣ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር። በወረቀት ሲነበብ ቀላል ነው። በአሻንጉሊቱ ላይ ሁለት ደቂቃ የሠራ ሰው ግን ላቡ ጠብ ይላል። ለዚህ ነው ደጋግሞ ደጋግሞ የሚሠራው፤ በጭንቀት ጊዜ አእምሮ ይጠፋል፣ የለመደ እጅ ግን አይጠፋም።

«ይህማ ሀብታም ሀገር ነው» የሚል አይጠፋም። እንግዲያው የፒትስበርግን ታሪክ ይስማ።

እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በዚያች የአሜሪካ ከተማ ድንገተኛ ታማሚን የሚያነሳው ፖሊስ ነበር። እስረኛ በሚጭንበት መኪና ከኋላ ይወረውረዋል፤ ፖሊሶቹ ከፊት ይቀመጣሉ፤ ጉዞ ወደ ሆስፒታል። በ1967 ፍሪደም ሀውስ የሚባል አገልግሎት ሂል ዲስትሪክት በተባለው የጥቁሮች ሰፈር ተቋቋመ። የተመለመሉት እነማን ነበሩ? ሥራ አጥ የሰፈሩ ጥቁር ወጣቶች፤ «አይሠሩም፣ አይማሩም» ተብለው የተተዉ፤ አንዳንዶቹ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱ። ሥልጠናውን የቀረጸው የሰመመን ሐኪሙ ፒተር ሳፋር ነው፤ አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠትን ለዓለም ካስተማሩት አንዱ። ሴት ልጁን በአስም ያጣው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1966 ነበር። ወጣቶቹ 300 ሰዓት ያህል ተማሩ፤ በክፍል ብቻ አይደለም፣ በሆስፒታል ውስጥ ከሐኪሞች ጎን እየቆሙ ጭምር። በኋላም ናንሲ ካሮላይን የተባለች ሐኪም የሕክምና ኃላፊያቸው ሆነች፤ ለአሜሪካ ፓራሜዲኮች የተዘጋጀውን መማሪያ መጽሐፍ የጻፈችው እሷ ናት። እነዚያ «የማይረቡ» የተባሉ ልጆች በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ ፓራሜዲኮች መካከል ሆኑ።

መጨረሻው አያምርም። በ1975 የከተማው አስተዳደር የራሱን አገልግሎት አቋቁሞ ፍሪደም ሀውስን ዘጋው፤ ከጥቁሮቹ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ተገፉ። ያም ሆኖ ያስመሰከሩት ነገር አልጠፋም፦ በትክክል የሠለጠነ የሰፈር ልጅ ነፍስ ያድናል።

ኢትዮጵያ ደግሞ ከባዶ አትጀምርም። ቃሬዛ ተሸክሞ ወላድን ዳገት ቁልቁለት የሚያደርስ፣ ተራ የሚገባ፣ ያልመጣውን የሚቀጣ ማኅበር በገጠር አለ፤ ሰውን የማደራጀቱን ከባድ ሥራ ዕድር ጨርሶታል። ቀይ መስቀል ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሀገሪቱ አለ፤ በ907 ይደወልለታል። የሰመመን ባለሙያው ክብረት አበበ ቤቱን ሸጦ ጠብታ አምቡላንስን በ2008 እ.ኤ.አ. ሲያቋቁም ብዙ ሰው አብዷል ብሎ ነበር ቢባል አይገርምም፤ በኋላ ግን ድርጅቱ ማሠልጠን ውስጥም ገባ። የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ሐኪሞች ሥልጠና በጥቁር አንበሳ በ2010 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። በጤና ኮሌጆችም የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሺያኖች ሠልጥነዋል።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? መደብ። ሠልጥኖ የወጣው ልጅ የሚቀጠርበት ቦታ በወረዳው መዋቅር ላይ ካልተጻፈ፣ የሌሊት ተረኛ አበል ካልተያዘለት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያድግበት መሰላል ካልታየው፣ ወይ ፋርማሲ ይቀጠራል ወይ አረብ ሀገር ይሄዳል። ማንስ ይፈርድበታል? መኪና በልመናም በእርዳታም ይገኛል። ደመወዝ ግን በየወሩ ይከፈላል፤ ለደመወዝ ሪባን የሚቆርጥ የለም። ለዚህ ነው ለጋሹም ባለሥልጣኑም መኪናውን የሚወዱት።

«ነርስ አለ አይደል? ለምን አዲስ ሙያ?» የሚለው ክርክር የዋዛ አይደለም። ነገር ግን ጤና ጣቢያው ውስጥ ሁለት ነርስ ብቻ ካሉ፣ አንዷ አምቡላንስ ላይ ወጥታ አራት ሰዓት ስትቀር ቀሪዋ ማዋለጃውንም፣ ካርዱንም፣ ክትባቱንም ልትይዝ ነው። ደግሞም በሚወዛወዝ መኪና ውስጥ፣ በባትሪ መብራት፣ ያለ ረዳት መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጎበዝ የዋርድ ነርስ እዚያ ውስጥ ልትደናገጥ ትችላለች፤ አያሳፍርም፣ አልሠለጠነችበትም።

እስከዚያው ሾፌሩ አለ። በየወረዳው ያለው የአምቡላንስ ሾፌር ከማንም በላይ ደምና ምጥ አይቷል። እንደ ሾፌር ብቻ መቆጠሩ ብክነት ነው። ለእሱ ጥቂት ሳምንት ሥልጠና መስጠት፣ ከቃሬዛው ማኅበር ሁለት ሰው ጨምሮ ደም ማቆምን፣ በጎን ማስተኛትን፣ ድንገት መኪና ውስጥ የሚወለድን ሕፃን አድርቆ ከእናቱ ገላ ጋር ማስጠጋትን ማስተማር ብዙ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። እሱ መሪ ሲይዝ ሌላው ከኋላ ይቀመጣል።

ስልክ የሚያነሳውም ሰው አይረሳ። ቤት ቁጥር በማይታወቅበት ከተማ «ከወፍጮ ቤቱ አልፎ፣ ከሚካኤል ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» የሚለውን ከሚጮህ ሰው አፍ አጣርቶ መቀበል ችሎታ ነው። አድራሻውን ከተቀበለ በኋላ ስልኩን ሳይዘጋ «እጅህን ደረቱ መሐል ላይ አድርግ፤ አሁን ጫን፤ አብረን እንቁጠር» ማለት ደግሞ ሌላ ችሎታ ነው። ልቡ የቆመ ሰው አንጎል ያለ ኦክስጅን ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል፤ የአዲስ አበባ መንገድ በሥራ መውጫ ሰዓት በዚያ ፍጥነት አምቡላንስ አያሳልፍም። ስልኩ ግን ያኔም ክፍት ነው።