«ለምን ፈለጉት?» ብሎ የሚጠይቅ መርማሪ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የግል መርማሪ ስንፈልግ ቀድመን የምንጠይቀው ዋጋውንና ፍጥነቱን ነው። የጋራ ንግዱን ገንዘብ ይዞ የተሰወረ ሸሪክ አለ፤ እቁቡን ቀድሞ ወስዶ ስልኩን የዘጋ አባል አለ፤ የልጆቹን ቀለብ ላለመክፈል አድራሻውን የሚቀያይር አባት አለ፤ በስደት መንገድ ላይ ድምፁ የጠፋ ወንድም አለ። ጉዳዩ ያንገበግባል፤ ችኮላውም ይገባኛል። ነገር ግን ታማኝ መርማሪ የሚታወቀው በእኛ ጥያቄ ሳይሆን እሱ በሚጠይቀን ነው። የምንፈልገውን ሰው ለምን እንደምንፈልገው ሳያጣራ ገንዘብ የሚቀበል፣ ነገ እኛን ፈልጎ ለሚመጣም ሰው እንዲሁ ይሠራለታል።

ይህን የምለው ሕይወት የጠፋባቸው ጉዳዮች ስላሉ ነው። ሬቤካ ሼፈር የ21 ዓመት የቴሌቪዥን ተዋናይ ነበረች። ለዓመታት ሲከታተላት የኖረ አንድ ወጣት፣ ቱሳን አሪዞና ለሚገኝ የግል መርማሪ 250 ዶላር ከፍሎ አድራሻዋን አስፈለገ። አድራሻው ከካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ መዝገብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1989 ልጅቷ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ቤቷ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለች። ከዚያ በኋላ ነው በ1994 የአሜሪካ ኮንግረስ በመንጃ ፈቃድና በተሽከርካሪ መዝገብ ላይ ያለ የሰው አድራሻ ለፈለገ ሁሉ እንዳይሰጥ በሕግ የከለከለው።

ሕጉ ግን የሚያግደው መንገዱን እንጂ ፈላጊውን አይደለም። በ1999 በኒው ሃምፕሻየር ግዛት አንድ ወጣት የሚከታተላትን የ20 ዓመት ሴት የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የሥራ ቦታ በኢንተርኔት ከሚሠራ የምርመራ ድርጅት ገዛ። ለሥራ ቦታዋ አድራሻ የተከፈለው 109 ዶላር ነው። አድራሻውን ለማግኘት ድርጅቱ ያሠራት ሴት ራሷ ለልጅቷ ደውላ፣ ማንነቷንና የደወለችበትን ምክንያት ዋሽታ ነበር ያናገረቻት። ወጣቱ ከሥራ ስትወጣ ጠብቆ ገደላት፤ ራሱንም ገደለ። ቤተሰቧ ድርጅቱን ከሰሰ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2003፣ መረጃ የሚሸጥ መርማሪ መረጃው ለሚሸጥበት ሰው ደኅንነት ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ።

እኔ ይህን ውሳኔ እንደ መመዘኛ እወስደዋለሁ። በእኛም መካከል ከባሏ ዱላ ሸሽታ አድራሻዋን የደበቀች እህት አለች። «ሚስቴ ልጆቼን ይዛ ጠፋችብኝ» ብሎ እያለቀሰ መርማሪ ቢሮ የሚገባ ባልም አለ። ሰውየው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ታማኙ መርማሪ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት የሰውየውን መታወቂያ ያያል፤ የጥበቃ ትእዛዝ ወጥቶበት እንደሆነ የፍርድ ቤት መዝገብ ይመለከታል፤ ትእዛዝ ካለ ጉዳዩን አይነካውም። ይህን ሁሉ ሲጠይቅ «እኔን ወንጀለኛ አደረገኝ» ብላችሁ አትቀየሙት። ሥራውን እየሠራ ነው።

ፈቃዱን ማጣራት ከባድ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ግን አናደርገውም። በቨርጂኒያ የግል መርማሪዎችን የሚመዘግበው የግዛቱ የወንጀል ፍትሕ አገልግሎቶች መምሪያ ነው፤ ለመመዝገብም 60 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። በሜሪላንድ ፈቃዱን የሚሰጠው የግዛቱ ፖሊስ፣ በዲሲ ደግሞ የከተማዋ ፖሊስ ነው። ካሊፎርኒያ ጠበቅ ትላለች፤ በመደበኛው መንገድ የ6,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ትፈልጋለች። ለንደን ያላችሁ አንባቢዎች ግን ተጠንቀቁ፤ በእንግሊዝ ማንም ተነስቶ የግል መርማሪ ነኝ ማለት ይችላል፤ የመንግሥት ፈቃድ የሚያስገድድ አሠራር እስካሁን ሥራ ላይ አልዋለም። ፈቃድ ባለበት ቦታ የመርማሪውን ቁጥር ጠይቁና ለሰጪው መሥሪያ ቤት ራሳችሁ ደውሉ። እሱ ፎቶ አንስቶ የሚልክላችሁ ወረቀት ማረጋገጫ አይደለም።

ከወረቀቱ በላይ የሚናገረው ግን ቃል የሚገባላችሁ ነገር ነው። «የባንክ ሒሳቡን እንቅስቃሴ አወጣላችኋለሁ» ካለ ተነስታችሁ ውጡ። ባንክን አታሎ የደንበኛ መረጃ ማውጣት ከ1999 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። «የስልክ ጥሪዎቹን ዝርዝር አመጣለሁ» ካለም እንዲሁ፤ በ2006 የኮምፒውተር ኩባንያው ሂውሌት ፓካርድ የቀጠራቸው መርማሪዎች የቦርድ አባላቱንና የጋዜጠኞችን የስልክ መዝገብ በማጭበርበር ማውጣታቸው ከተጋለጠ በኋላ ይህንንም የሚቀጣ ሕግ ወጥቷል። በዚያ ቅሌት የኩባንያው የቦርድ ሊቀመንበር ሥልጣኗን አጥታለች። የሆሊውድ ዝነኞች መርማሪ የነበረው አንቶኒ ፔሊካኖም ስልክ በመጥለፍና በሌሎች ወንጀሎች በ2008 የ15 ዓመት እስራት ሲፈረድበት፣ እሱን ቀጥሮ ያሠራ አንድ ታዋቂ ጠበቃም አብሮ እስር ተፈርዶበታል። አሠሪው «እኔ አላውቅም ነበር» ቢል እንኳ ከጉዳዩ ንጹሕ ሆኖ ላይወጣ ይችላል።

ወንዝ መሻገር ብቻ ሕጉን ይለውጠዋል። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁ ያላችሁበትን ንግግር መቅዳት ትችላላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ግን በግል የሚደረግን ንግግር ለመቅዳት የተነጋጋሪው ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ማስረጃ ብላችሁ የያዛችሁት ቅጂ በእናንተው ላይ ክስ ሊያስመሠርት ይችላል። ስለዚህ መርማሪውን «ይህን ጉዳይ የትኛው ግዛት ውስጥ ነው የምትሠራው? እዚያስ ፈቃድ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልግባ፤ በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ላይ ብዙም አይገኝምና። ከስማችን ቀጥሎ የሚጻፈው የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። ፀሐይ የምትባል ሴት በአንዱ መዝገብ በአንድ አጻጻፍ፣ በሌላው በሌላ ትገኛለች። የአያት ስም አንዳንዴ ይገባል፤ አንዳንዴ ይወጣል። በስደተኛ ካምፕ የተመዘገቡ ብዙ ወገኖቻችን የትውልድ ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፏል። ከዚህ የተነሳ በስምና በትውልድ ቀን ብቻ የሚፈልግ መርማሪ የአንዱን ዕዳ ወይም የአንዱን የወንጀል መዝገብ በሌላው ላይ ሊለጥፍ ይችላል። ለጋብቻ ሲባል በሚደረግ ማጣራት ላይ ይህ ስሕተት የሰው ትዳር ያፈርሳል። መርማሪውን «ሁለት ተስፋዬ ከበደዎችን እንዴት ትለያለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከኮምፒውተሩ ካላለፈ ሌላ ፈልጉ።

«እንግዲያው የአገር ልጅ ይሻላል» የሚል ይኖራል። ቋንቋውንና ስሙን ማወቁ በእርግጥ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ማኅበረሰባችን ጠባብ ነው፤ የአገር ልጁ መርማሪ የተፈላጊው የክርስትና አባት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ምእመን፣ ወይም የእቁቡ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። ተፈላጊውን ወይም ቤተሰቡን ያውቅ እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቁት፤ መልሱንም በውሉ ላይ አስጽፉት። ከዚህ የከፋው ያለ ፈቃድ «እኔ አጣራልሃለሁ» የሚለው ወዳጅ ነው። የሰማውን ቡና ላይ ያወራዋል፤ ፍርድ ቤት ቆሞም አይመሰክርላችሁም።

ስለ ውሉ ብዙ አልልም፦ የሰዓት ክፍያው፣ የወጪው ጣሪያ፣ የጽሑፍ ሪፖርቱ ቀን፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ፎቶዎቹና ሰነዶቹ ምን እንደሚሆኑ ይጻፍበት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት የሚሄድ ከሆነ መርማሪውን ጠበቃችሁ ቢቀጥረው ይመረጣል።

የተፈለገው ሰው ሲገኝ ምን እንደሚደረግ የሚለውን አንቀጽ ግን ፈርማችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ደግማችሁ አንብቡት። የጠፋ ዘመድ ፍለጋ ላይ ጠንቃቃ መርማሪ የተገኘውን ሰው አድራሻ በቀጥታ አይሰጣችሁም። መጀመሪያ ሰውየውን ራሱን ያናግረዋል፤ ማን እንደሚፈልገው ይነግረዋል፤ የእናንተን ስልክ ይሰጠዋል። ሰውየው «አልፈልግም» ካለ ለእናንተ የሚደርሳችሁ በሕይወት መኖሩና መገናኘት አለመፈለጉ ብቻ ነው። ከዓመታት ናፍቆት በኋላ ይህን መስማት ልብ ይሰብራል። እንዲህ የሚል ውል የሚያቀርብላችሁ መርማሪ ካገኛችሁ ግን እሱን ቅጠሩት።