ፍሬን ይታደስ ወይስ ይቀየር?

የዓመቱ ቴስት ሲደርስ እዚህ ጋን ያቭኔም ሆነ ገዴራ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፤ ያለቀውን የፍሬን ዕቃ እናሳድስ ወይስ በአዲስ እንቀይር? አገር ቤት ሸራ ሲያልቅ በአሮጌው ብረት ላይ ሌላ ማስለበጥ የተለመደ ነው። ዕቃ ውድ ነውና አይፈረድም። እዚህ ግን ይህን ልማድ ብንተው እላለሁ።

ሸራ ካለቀ በአዲስ ይቀየር፤ ያውም የግራውም የቀኙም አብሮ። አለዚያ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ የውፍረት ልክ በሚሊሜትር ተጽፎበታል፤ ቶርኖ ቤት ሲላጥ ከዚያ በታች የሚወርድ ከሆነ ይጣል። ካሊፐር ግን ውድ ነው፤ ፒስተኑ ካልዛገ ጎሚኒው ተቀይሮ ቢታደስ ነውር የለውም። ቁጠባችን እዚያ ላይ ይሁን!

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዘን እስክንቆም የምንሄደው ርቀት ወደ 4 እጥፍ ያድጋል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቤት የሚሠራ ሰው ለጣሪያው መከታ እንዲያደርግ ያዛል፤ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ፍሬንም የመኪና መከታ ነው፤ የሚጠብቀው የእኛን ነፍስ ብቻ አይደለም።

በሰላም ያግባችሁ!