ታይሰን በወደቀበት ቀን ይመዘን

ከዚራ ጥላ ስር ኳስ ሲወራ ቆይቶ ቡጢ ከተነሳ ወሬው ማይክ ታይሰን ላይ ማረፉ አይቀርም። «እሱን የሚያክል የለም!» ባዮች ማስረጃ አያጡም። እ.ኤ.አ በ1986 ገና በ20 ዓመቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1988 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ዘረረው። ብዙዎች ደወሉ ሳይደወል በፍርሃት ነው የተሸነፉት።

የማይፈራ ሲመጣስ? በ1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ አልፈራም፤ ታይሰን በ10ኛው ዙር ተዘረረ። ሆሊፊልድና ሌኖክስ ሌዊስም ደገሙት። ታይሰን ወድቆ ተነስቶ ያሸነፈበት አንድም ግጥሚያ የለም። በ1992 በአስገድዶ መድፈር መፈረዱን ደግሞ የትኛውም ዝረራ አይሰርዘውም።

በኳስም መመዘኛው ያው ነው፤ የድሬ ልጅ ያውቀዋል። ለጥጥ ማህበር የተጫወተው ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1954 ዓ.ም የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብጽ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመራን የአቻነቷን ጎል አገባ። በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን በአምበልነት አነሳ።

ታይሰን አስፈሪ ነበር፤ ይህን ማንም አይነጥቀውም። ታላቅ ለመባል ግን ተመርቶ ማሸነፍንም ይጠይቃል ባይ ነኝ።