ያልተቆጠሩት ሰዓታት
በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ፣ አንድ ተማሪ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ በስፖርት እንዳይጠመድ ይደነግጋል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ደግ ሕግ ነው። ነገር ግን የጨዋታ ቀን የቱንም ያህል ቢረዝም የሚቆጠረው 3 ሰዓት ብቻ ነው፤ የአውቶቡሱና የአውሮፕላኑ ጉዞማ ጭራሽ አይቆጠርም። ማክሰኞ ማታ ሌላ ስቴት ተጫውቶ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ ረቡዕ ጠዋት የኬሚስትሪ ፈተና ሲጠብቀው፣ በሕጉ ዓይን እንዳረፈ ሰው ነው። ይህ ፍትሕ አይደለም፤ ጉዞው መቆጠር አለበት። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ መፈቀዱ ተገቢ ነው፤ የተወሰደባቸውን የጥናት ሰዓት ግን አልመለሰላቸውም። በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን በዲቪዚዮን አንድ ብቻ ከ350 በላይ የወንዶች የቅርጫት ኳስ ቡድኖች አሉ፤ የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ኤንቢኤ በዓመታዊ ምርጫው የሚጠራው ግን 60 ገደማ ወጣቶችን ነው፤ ያውም ከሌላ አገር የሚመጡትን ጨምሮ። ለብዙዎቹ በእጃቸው የሚቀረው ዲግሪው ነው። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ከሥራ መልስ ልጃችሁን ልምምድ የምታመላልሱ እናቶችና አባቶች፣ እባካችሁ፣ የኮሌጅ አሠልጣኝ ሊያግባባችሁ ሲመጣ ልጄን ስንት ደቂቃ ታጫውተዋለህ ከማለታችሁ በፊት፣ ካሠለጠናቸው ልጆች ስንቶቹ በመረጡት የትምህርት ዘርፍ እንደተመረቁ ጠይቁት።