«ጠንክሪ» ማለት ብቻ አይበቃም

ታናሽ እህቴ መልቲፕል ስክለሮሲስ እንዳለባት ከተነገረን ወዲህ ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል። ገሚሱ «ደህና አይደለች እንዴ? ምን ሆነች?» ይላል፤ ገሚሱ ሥራዋን እንድትተው ይወተውታል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

በሽታው የሰውነት መከላከያ የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን የነርቭ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ በሴቶች ላይ ይበዛል። ብዙዎች ላይ ተነስቶ ይተኛል፤ ቆይቶ ደግሞ ያገረሻል። ድካሙ በዓይን አይታይም፣ ተኝተው ስላደሩም አይለቅም። ሙቀት ያባብሰዋል።

ስለዚህ «ደከመኝ» ስትል እንመናት። ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ። ሐኪም ጋ ስትሄድ አንዳችን አብረናት እንሂድ። ጠበል ብትሄድም መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ እናግዛት፤ ፈጽሞ ባያድናትም ግርሻውን ይቀንስላታል። ስለ ሥራዋና ስለ ትዳሯ ግን የምትወስነው እሷ ናት።

እኔም መጀመሪያ ላይ «ጠንክሪ» ከማለት ሌላ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን «ጠንክሬ እኮ ነው የተቀመጥኩት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ «ዛሬ ምን ላግዝሽ?» ብዬ እጠይቃታለሁ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ከመምከራችሁ በፊት ጠይቁት።